ሰው ሁሉ የተሳለመው ወረቀት

አያ ደምሌን በመንገድ ላይ ያየው ስንት ሰው ነበር? ስልኩን አውጥቶ ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ «እምቢ አለ» ብሎ መልሶ ኪሱ የከተተውስ ስንት ነው? አንዷን አውቃታለሁ። ሌሎቹን አላውቅም፤ መኖራቸውንም አለመኖራቸውንም። ይህን ጥያቄ ይዤው እተኛለሁ፤ ይዤው እነሣለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ያለ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ማን እንደ ነበርሁ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ ስሕተቱን እንዴት እንደ ሠራሁት አይገባችሁም። ስሜ እንወይ ነው። የተወለድሁት ጭልጋ በኩል ገጠር ውስጥ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ትዳሩን ትቼ ጎንደር ገባሁ። ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ ማታ አንደኛ ክፍል ተቀመጥሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እንደኔው ሰው ቤት የምትሠራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «እትየ፣ እግሩን ረሳሽው እኮ» እያለች ፊደሌን ታርመኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረስሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ኮምፒውተር ተምሬ ፒያሳ አካባቢ ካለ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ተቀጠርሁ።

ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ላይ ጨካኝ ነው። የሠርግ ካርድ ላይ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች አላስረክብም። ኅዳጉን በማስመሪያ እለካለሁ። ደንበኞቻችን «ያቺ ነገር የምታበዛው» ይሉኛል። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ተሾመም «እንወይ፣ አንቺ ስትለኪ ሙሽሮቹ ልጅ ሊወልዱ ነው» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን አልስቅም ነበር። ሰው የሠራሁትን ወረቀት ይዞ ወጥቶ «ይህን የሠራችው ማን ናት?» እንዲል እፈልግ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ አዲስ ሥራ ይዤ ነበር፤ ኪውአር ኮድ። ለማታውቁት፣ ያ በጥቁርና በነጭ እንደ ሰሌን የተሸመነ ዐራት ማዕዘን ነው፤ በስልክ ካሜራ ሲያዩት አንድ ድረ ገጽ ይከፍታል። ተራውን ማንም ይሠራዋል። እኔ የምሠራው ግን ለባለቤቱ የተለካ ነበር፤ ሊንኩን አስገብቼ ቀለሙን መርጬ፣ ማዕዘኖቹን አለስልሼ፣ መካከሉ ላይ ለሙሽሮች ቀለበት፣ ለሆቴል ስኒ፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ አስቀምጥበታለሁ። ሥራው እየታወቀ ሄዶ ሰዎች «ባለ ኪውአሯ የታለች?» እያሉ መምጣት ጀምረው ነበር።

ትርንጎ የመጣችው በኅዳር ጽዮን ዋዜማ፣ ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ወንበር ብስባትም አልተቀመጠችም።

«አባቴ ጠፍቶብኝ ነው» አለችኝ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት። ጫማውን አድርጎ፣ ዘንጉን ይዞ። ‹ከብቶቹን ማን አገዳቸው?› እያለ ሲያስቸግረኝ ሰንብቶ ነበር። ከብቶቹ ከተሸጡ አራት ዓመታቸው ነው።»

አባቷ አያ ደምሌ የዳባት ሰው ነበር። አንድ ዐይኑን ሞራ ሸፍኖበት፣ ትታከማለህ ብላ ፀዳ ወደሚገኘው ቤቷ ካመጣችው ሁለት ወሩ ነው። ዐይኑ ሳይታከም ልቡ መጥፋት ጀመረ፤ ማለዳ ማለዳ ተነሥቶ ወደ አገሬ ልሂድ ይላል። እግሩ ወደ ሰሜን ብቻ ነው የሚያቀናው አለችኝ። ከፀዳ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል፣ ጎንደርን አቋርጦ፣ በወለቃ አድርጎ ወደ ዳባት።

«ለፖሊስ ተናገርሽ?»

«ተናገርሁ። ፌስቡክ ላይም ከነቁጥሬ አወጡልኝ። አንድ ሰው ደወለና ‹እኛ ዘንድ ነው፣ መጀመሪያ ብር ላኪ› አለኝ። ‹እስቲ ድምፁን አሰማኝ› ስለው ‹አባባ ተኝተዋል› አለኝ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ተኝተዋል ሲለኝ አመንሁት እኮ። ደስ አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስልኳ በጠራ ቁጥር ማንሣት ትፈራ ነበር። በእጇ ጽፋ ቤተ ክርስቲያን በሮች ላይ የለጠፈችውንም ወረቀት በማግስቱ ስትመለስ ተቀዶ አግኝታዋለች፤ የጨረታና የኪራይ ማስታወቂያ ስለሚበዛባቸው ዘበኞቹ ሁሉንም ባንድነት ያነሡታል።

እኔም አሰብሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሳስብ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉንም ችግሯን አንድ ላይ የሚፈታ ነገር በእጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

ድረ ገጹን ያኔውኑ ሠራሁት። የአያ ደምሌን ፎቶ አስገባሁ፤ ለመታወቂያ የተነሣው ብቻ ነበር ያላት። መልኩን ጻፍሁ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ካፖርት፣ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ፣ የወይራ ዘንግ። የማያውቀውን ሰው ስለማይከተል የትርንጎን ድምፅ ቀድቼ ጨመርሁበት፤ ያገኘው ሰው እንዲያሰማው። «አባየ፣ ትርንጎ ነኝ። ከነዚህ ሰዎች ጋር ቆይ። እየመጣሁ ነው።» ሦስት ጊዜ አስደገምኋት፤ ሁለቱ ላይ አልቅሳ ነበር። በመጨረሻ ያየው ሰው የት እንዳየው የሚጽፍበት ቦታ አደረግሁ፤ የተጻፈው ወደ እኔ ስልክ እንዲመጣ።

ቀጥሎ ኮዱ። መካከሉ ላይ መስቀል አስቀመጥሁበት፤ የእኛን የጎንደሩን፣ ጥልፉ የተጠላለፈውን፣ በወርቅማ ቀለም።

«መስቀል ያለበትን ወረቀት ማን ይቀዳል?» አልኋት።

«ሸጋ ነው» አለች ትርንጎ፤ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ። «ሸጋ አድርገሽዋል። ቁጥሬን ደግሞ ከታች ጻፊልኝ።»

«ቁጥር አያስፈልገውም። ያየው ሰው ስልኩን እዚህ ላይ ሲያስጠጋ ገጹ ይከፈታል፣ የት እንዳየው ይጽፋል፣ ለእኔ ይደርሰኛል። ውሸታሙን እኔ አጣራልሻለሁ።»

«እምቢ ቢልስ?»

«ምኑ?»

«እሱ ነገር።»

«እምቢ አይልም። ሞክሬዋለሁ።»

ደጋግማ ወረቀቱን አየችው። «የገጠር ሰው ይህን ያውቀዋል?»

«ልጆቻቸው ያውቁታል።»

«እኔማ ምን አውቃለሁ» አለች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

ቁጥሩን የተውሁት አጭበርባሪ እንዳይደውልባት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ፖሊስ ቢጠይቀኝም የምናገረው ነው። ግን ሌላም ነበረ። ከመስቀሉ ሥር አሥር አሃዝ ሲገባ ወረቀቱ ይበላሽብኝ ነበር። ባዶው ቦታ ያምር ነበር። ደግሞ «የተማርሽ ነሽ» ያለችኝን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደ ጠበቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያን ካለችኝ በኋላ ቁጥሩን ልጻፍልሽ ማለት ያልተማርሁ ያስመስለኝ ነበር።

ሞከርሁት። ከቅርብ፣ ከሩቅ፣ አጣምሜ፣ ጥላ አጥልቼበት፤ ሁሌም ከፈተ። በእኔው ስልክ፣ በእኔው ጠረጴዛ ላይ። ስድሳ ወረቀት በቀለም ማተሚያው አተምሁ። ጋሽ ተሾመ መጥቶ አየና «ፕላስቲክ አልብሽው እንጂ፣ ጠዋት ጤዛ አለ» አለኝ። «ፕላስቲክ ያንጸባርቃል፤ ካሜራውን ያስቸግራል» አልሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ትርንጎ ግማሹን ይዛ ከአዘዞ እስከ ፀዳ ለጠፈች፤ እኔ ግማሹን ይዤ ከፒያሳ እስከ ወለቃ። በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀቱን ቀጥ አድርጌ፣ በዐይኔ ለክቼ ነው የለጠፍሁት።

ዓርብ ማለዳ ስልኬ ላይ መልእክት መግባት ጀመረ። አንዱ «እግዜር ያግኝላችሁ» ይላል። ሌላዋ ረቡዕ ዕለት አዘዞ አካባቢ ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ማየቷን ጻፈች። ወዲያው ለትርንጎ ደወልሁ፤ «እየሄደ ነው፣ አለ፣ ወደ ሰሜን ነው» ብዬ። ከስልኩ ወዲያ በአፏ ውስጥ ማርያምን ስትጠራ ሰማኋት።

ከረፋዱ በኋላ ግን መልእክቱ ቆመ። ገጹን ስንት ሰው እንደከፈተው የሚያሳየኝ ቁጥርም ባለበት ቆመ። ቀኑ ትልቅ በዓል ነው፤ የማርያም አብያተ ክርስቲያናት በሰው ሞልተዋል፤ ወረቀቱ በየበሩ አለ። አንድም ሰው ግን አይከፍተውም።

ኔትወርክ ነው አልሁ። በእነዚህ ዓመታት ጎንደር ያለ ሰው ይህን ለማለት አያመነታም፤ ኢንተርኔቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ማንም አይጠይቅም። እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ።

ትርንጎ በየሰዓቱ ትደውል ነበር።

«ምን መጣ?»

«ገና ነው። ኔትወርክ ይሆናል።»

«አላዩትም ማለት ነው?»

«ካዩት ይጽፋሉ።»

«ታዲያ አላዩትም» አለችኝ ወደ ማታ ገደማ። «መንገድ ቀይሮ ይሆናል። ወደ ቆላ ወርዶ ይሆናል።» የገጹን ዝምታ ይዛ ፍለጋዋን ወደ ደቡብ አዞረችው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እሷና ሁለት ዘመዶቿ ከአዘዞ በታች ያለውን ገደላገደል ሊያስሱ ወጡ። ያን ያደረጉት እኔ «ካዩት ይጽፋሉ» ስላልሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሙሽራ የካርዱን ኮድ ሊሞክር መጣ። ስልኩን አስጠጋ፤ በቅጽበት ከፈተለት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር። ለጋሽ ተሾመ እንኳ ሳልነግረው ወጣሁ።

በመጀመሪያ የሄድሁት ቅርባችን ወዳለችው ማርያም ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ይወጣል፤ የዘገየም ይገባል። ወረቀቴ በበሩ መቃን ላይ እንዳለ ነው። አልተቀደደም። አንዲት አሮጊት ከፊቴ ነበሩ። የበሩን ቀኝ ተሳለሙ፤ ግራውን ተሳለሙ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ዘንበል ብለው መስቀሉን ሳሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት፤ እንደገና ሳሙት። ጠበል ተረጭተው የወጡ ነበሩና ፊታቸው እርጥብ ነው። ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ መጣና እሱም ሳመው። ከእሱ ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት፤ እሷ ስማ የልጇንም ግንባር አስነካችው።

ቀረብ ብዬ አየሁት። መስቀሉ ቡናማ ቀለም ሆኗል። ዙሪያውን ያሉት ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ከከንፈር፣ ከጠበልና ከጠጉር ቅቤ ተቀላቅለው እንደ ረጠበ አመድ ተዘርግተዋል። ስልኬን አስጠጋሁ። ጠበቅሁ። አራቅሁት። አስጠጋሁት። ምንም።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ኪውአር ኮድ ሲፈጠር ለጉዳት የተተወለት ትርፍ አለው፤ ጥቂቱ ቢቀደድ፣ ቢቆሽሽ በቀረው ይነበባል። ያንን ትርፍ ግን እኔ ለመስቀሉ ሰጥቼው ነበር። ትልቅ ይሁን፣ ይመር ብዬ መጨረሻው ድረስ ወሰድሁት። ለሰው ከንፈር የተረፈ ምንም አልነበረም።

እኔ የጭልጋ ልጅ ነኝ። እናቴ በመስቀል አጠገብ ሳትሳለም ያለፈችበትን ቀን አላስታውስም። ገበያ ላይ በጨርቅ የተጠለፈ መስቀል ብታይ እንኳ ጣቷን አስነክታ ትስመዋለች። እኔንም በሕፃንነቴ ቁመቴ አልደርስ ሲል አንሥታ ታሳልመኝ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ መስቀል ለጥፌ፣ ሰዎች በስልክ ያዩታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማንም አይቀደውም ያልሁት ትክክል ነበር። ማንም አልቀደደውም።

ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ የትርንጎን ቁጥር በወረቀቱ ባዶ ቦታ ላይ በትልቁ ጻፍሁ። አሃዞቹ ተጣመሙብኝ፤ አላቀናኋቸውም። አሮጊቷ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ምነው ልጀ፣ መስቀሉ ላይ ትጽፊያለሽ?»

«ከሥሩ ነው እማማ።»

«ምንድነውስ እሱ?»

«የጠፋ ሰው ነው። ሽማግሌ።»

«እኔ የበዓሉ ሥዕል መስሎኝ» አሉ። «ሰውስ መሆኑን ማን ነገረን?» ፎቶው እኮ በኮዱ ውስጥ ነበር። ከላይ «ጠፍተዋል» የሚል ቃል በቀጭን ፊደል ጽፌያለሁ፤ ቀጭን ያደረግሁትም ለውበት ነው።

በባጃጅ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሮጥሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ በሰው በሰው የተሳመ፣ የተዳሰሰ፣ የሞተ። ቁጥር እየጻፍሁ አለፍሁ። ወለቃ ስደርስ ቀትር ሆኖ ነበር።

ወለቃ መንገዱ ዳር ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ እትየ አትጠገብ የሚሏቸው፣ ወረቀቱን ስጽፍበት አይተው ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። ጎበጥ ያሉ፣ ክንዳቸው ላይ ጭቃ የደረቀባቸው ሴት ናቸው።

«የሽማግሌው ሰው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ያውቁታል?»

«አይቸዋለሁ። ትናንት ከቅዳሴ በፊት እዚሁ ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው ወረቀቱን ያየሁት። የሰው መጥፋት ነው ብለው አነበቡልኝ። ‹ይህ እኮ ያ ሽማግሌ ይሆናል› ብዬ የጎረቤቴን ስልክ አስጠግተን ሞከርን፤ እምቢ አለ። እሷም ‹በጠበል ርሷል› አለች። ቁጥር ፈለግን፣ የለውም። ቄሱን ብጠይቃቸው ‹ባለቤቶቹ ይመጣሉ› አሉ። ስጠብቅሽ ዋልሁ።»

ሌላም ብዙ ነገሩኝ፤ እኔ ግን ያኔ ልብ ያልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወዴት ሄደ?»

በእጃቸው ከመንገዱ በስተቀኝ ባሕር ዛፉን፣ ከዚያም ወደ ወንዙ የምትወርደውን ቀጭን መንገድ አሳዩኝ። «ከብት አለኝ ብሎ በዚያ ወረደ።»

ሁለት የሰፈሩ ጎልማሶች አብረውኝ ወረዱ። ወንዙ አጠገብ፣ ከድንጋይ ካብ ሥር፣ መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴውን ጫማ ነው። አያ ደምሌ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ካቡን ሊወጣ ሲል ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ቦታው ጥላ ነውና ካፖርቱ ላይ የሌሊቱ ጤዛ ገና አልደረቀም። የዓርብ ሌሊት ብርድ እንዴት እንደ ነበር የጎንደር ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ሕይወቱ ነበረች። ዐይኑን ከፈተ። ልንነካው ስንል ዘንጉን ሊያነሣ ሞከረ። ስልኬን አውጥቼ የትርንጎን ድምፅ ከፈትሁለት። «አባየ፣ ትርንጎ ነኝ።»

«የት ነሽ?» አለ፤ ወደ ስልኩ። «የት ነሽ አንቺ ልጅ?»

ከዚያ ወዲያ ለማንሣት እሺ አለን።

ሆስፒታል ያደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ትርንጎ እየሮጠች ስትገባ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። አንገቴን አቅፋ አልለቀቀችኝም። «ወረቀትሽ አወጣው» አለችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» «እንዴት ተገኘ?» ስትለኝ «አንዲት ሴትዮ ወረቀቱን አይታ አቅጣጫውን ነገረችኝ» አልኋት። ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። እስከ ዛሬ ከተናገርሁት ሐሰት ሁሉ ግን ይህ ይከፋል።

አያ ደምሌ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈ። ብርዱ ሳንባው ገብቶ ነበር። ሐኪሙን ብቻውን አግኝቼ «አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይህን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። ምናለ ወይ አዎ፣ ወይ አይ ባለኝ።

ዳባት ለቀብር ሄድሁ። ዘመዶቿ «ባለ ወረቀቷ መጣች» እያሉ ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁኝ። «እጅሽ አይንጠፍ፤ ሬሳውን ለአፈሩ ያበቃሽ» አሉኝ። አሜን አልሁ። ምን እል ነበር?

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሥራዬን አልተውሁም። ዛሬም ኮድ እሠራለሁ። ነገር ግን መካከሉ ላይ የማስቀምጠውን ነገር አሳንሰዋለሁ፤ አንዳንዴም አልጨምርበትም። ሠርቼ ስጨርስ እጨማድደዋለሁ፣ ውሃ እረጭበታለሁ፣ ሻይ በነካ ጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው በተሰነጠቀ ስልኩ እንዲሞክረው እለምናለሁ። ጋሽ ተሾመ «አሁን ደግሞ ማበላሸት ጀመርሽ» ይላል። ቁጥር የሌለው የፍለጋ ወረቀት ከእጄ አይወጣም።

ይህ ግን ሥራ ነው። ሥራ ይታረማል። እኔ የከበደኝ ሌላው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሕተት ስፈራ የኖርሁት ስሕተቱ ሰውን ስለሚጎዳ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የፈራሁት ስሕተቱ የኔ መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። እናንተም እንደኔ ጠንቃቃ ከሆናችሁ፣ ጥንቃቄያችሁ ለማን እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴም ጭምር። ትርንጎ ግን በየበዓሉ ትጠራኛለች፤ ልጇ ስትመረቅ ጠርታኛለች፤ ቤቷ ገብቼ ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀምጬ እበላለሁ። ስታጎርሰኝ ግን ዐይኗን አላይም ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳልጠራ ፀዳ ሄድሁ። ትርንጎ ግቢዋ ውስጥ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን በመካከላችን አድርጌ እኔም መልቀም ጀመርሁ። ጠጠር አንድ ሁለት ካወጣሁ በኋላ፣ «ስለ አባትሽ ያልነገርሁሽ ነገር አለ» አልኋት።

ሁሉንም ነገርኋት። ቁጥሩን ለምን እንዳልጻፍሁት፣ ሁለቱንም ምክንያት። ስለ መስቀሉ፣ ስለ ተሳለሙት ሰዎች፣ ዓርብን ሙሉ ኔትወርክ ነው ብዬ ስለ መቀመጤ። ወለቃ ያሉት ሴትዮ ዓርብ ዕለት ስልክ አስጠግተው እምቢ እንዳላቸው። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጣቷ ምስሩ ውስጥ እንደቀጠለ ነው።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስሁ።»

«ሴትዮዋ አባቴን በቅርብ ነው ያየችው?»

«አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ለምሳቸው ከቋጠሩት እንጀራ በሽሮ ሰጥተውታል።»

እጇ ቆመ። «በላ?»

«በላ። ጨርሶ በላ አሉኝ።»

«ምን አለ?»

«በርበሬ ያነሰው ሽሮ ነው ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸውም ‹ለማኝ ሆኖ ወጥ ያማርጣል› ብለው ስቀው ጨመሩለት። እሱም ሳቀ አሉኝ።»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ትከሻዋን አይቼ መለየት አልቻልሁም።

«እሱ ነው» አለች ቆይታ። «እሱ ራሱ ነው። እኔ እኮ ካለፈ ጀምሮ እንጀራ በቆረስሁ ቁጥር፣ አባቴ አምስት ቀን እህል ሳይቀምስ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያናግረው እያልሁ ነው የኖርሁት።» ቀና ብላ አየችኝ። «የወረቀቱን ነገር ገና አላውቅም። እቆጣሽ ይሆናል። ይህን ግን ምነው ደበቅሽኝ?»

የእንጀራውን ለመናገር የወረቀቱን መናገር ነበረብኝ።

ሰፌዱን አንሥታ ወደ ቤት አስገባችው። ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ሴትዮዋ አሁንም እዚያው ትሸጣለች?»

«ይሸጣሉ።»

«ተነሽ» አለችኝ። «ከአፏ ልስማው።»